«ማን ረታ?»፦ የቴሌቪዥን የምርጫ ክርክርና የኮልፌ ቀራኒዮ ተመልካች

ኢትዮጵያ ውስጥ ፕሬዚዳንት በሕዝብ ድምፅ አይመረጥም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ርእሰ ብሔሩን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይወጣል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው የፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ክርክርን የሚያውቀው ከአሜሪካ በሚተላለፍ ሥርጭት፣ ለዚያውም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነቅቶ ነው። በአገር ቤት ይህን ቦታ የያዘው የፓርቲዎች ክርክር ሲሆን፣ ከነዚህ ክርክሮች እንደ 1997ቱ ተመልካችን ያነቃነቀ እስካሁን አልታየም።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ከተካሄደው ምርጫ በፊት በነበሩት ወራት ገዥው ኢሕአዴግ በአንድ ወገን፣ ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ እና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረት በሌላ ወገን ሆነው በመሬት ይዞታ፣ በኢኮኖሚ፣ በፌዴራል አወቃቀርና በውጭ ግንኙነት ላይ ተከራከሩ። ለፓርቲዎች ከተመደበው የአየር ጊዜ ከግማሽ የሚበልጠው የተቃዋሚዎቹ ነበር። ክርክሩን ያስተላለፈው ኢቴቪ በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ አርባ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱንም፣ ደርግንም፣ ኢሕአዴግንም በየተራ ያገለገለ ጣቢያ ነው። በነዚያ አርባ ዓመታት ተመልካቹ ከዚህ ሣጥን የለመደው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ቃል ነበር። ያን ሰሞን ግን በዚያው መስኮት ሚኒስትር ሲጠየቅ፣ ሲመለስለት፣ አንዳንዴም መልስ ሲያጥረው ታየ።

የአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራኒዮ ይህን ለመመልከት አመቺ ስፍራ ነው። ክፍለ ከተማው በ1995ቱ የአስተዳደር ለውጥ ከተዋቀሩት አሥሩ አንዱ ሲሆን፣ በ1999ኙ የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ከ420 ሺህ በላይ ነዋሪ ተቆጥሮበት ከሁሉም ብዙ ሕዝብ ያለው ሆኖ ተገኝቷል። ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከጦር ኃይሎች ግድም እስከ ካራ ቆሬ ባለው ሰፈር ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ኦሮሞው፣ አማራውና ዶርዜው ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ የመርካቶ ነጋዴ፣ ሸማኔ፣ መምህርና የቀን ሠራተኛ አንድ የውጭ በር ይጋራሉ። «ቀራኒዮ» የሚለውን ስም ያገኘው ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቢሆንም መስጊዱም ብዙ ነው። እንዲህ የተደበላለቀ ሰፈር በአንድ ክርክር ላይ አንድ ዓይነት ስሜት ይኖረዋል ብሎ መነሣት ስሕተት ይሆናል።

በ1997ቱ ክርክር ጊዜ በሰፈሩ ቴሌቪዥን የሌለው ቤት ብዙ ነበር። ያለውም ቢሆን መሣሪያው ጀርባው ወፍራም፣ ከቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጥ የክብር ዕቃ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አራት አምስት ቤተሰብ በሚኖርበት የቀበሌ ቤት ውስጥ ክርክር ማየት ማለት ጎረቤት ቤት መግባት ማለት ነው፤ ሳሎኑ ሲሞላ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ፣ ጎረምሶቹ በር ላይ ይሆናሉ። ጎረቤት ያልቀናው ወደ ቡና ቤት ወይም ወደ ጠጅ ቤት ይሄዳል። ከዚህ አቀማመጥ አንድ ነገር ይከተላል፦ ተመልካቹ ብቻውን አይፈርድም። የሚያጨበጭበውም የሚያጉረመርመውም በሰው ፊት ነው፤ ከጎኑ ያለውን ሳያይ አፉን አይከፍትም። ቡናው እስኪደርስ ዝም ያለችው የቤቱ እመቤት በመጨረሻ የምትጥላት አንዲት ቃል ከተከራካሪው የአሥር ደቂቃ ንግግር ይልቅ በግቢው ሊታወስ ይችላል።

በመገናኛ ብዙኃን ጥናት ካትዝና ላዛርስፌልድ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተሙት መጽሐፍ መልእክት ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ብዙኃኑ እንደማይፈስ፣ አስቀድሞ በየአካባቢው ተሰሚነት ባላቸው ሰዎች በኩል እንደሚያልፍ አስረድተዋል። የኮልፌ ነገር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ቢሆንም ተሰሚው ሰው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ነገሩ ይወሳሰባል። የዕድር ዳኛው ያረጁ የአገር ሽማግሌ ናቸው፤ «መዋዕለ ንዋይ» ወይም «ልማታዊ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የሚያብራራው ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪው ነው። ክርክሩ በአማርኛ ስለነበር በስልጥኛ ወይም በጉራጊኛ ነገር ለምታውቅ አያት መካከል ላይ ሆኖ የሚተረጉም የልጅ ልጅ ያስፈልጋል፤ ተርጓሚው ደግሞ የራሱን ወገን ይጨምርበታል። በማግስቱ ከአየር ጤና ወደ ጦር ኃይሎች በሚወርደው ሚኒባስ ላይ የሚሰማው ወሬ ይህን ሁሉ ወንፊት ያለፈ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ተመልካቹ ለፍርዱ የተጠቀመበት ቃል ነው። ጥያቄው «ማን የተሻለ ፖሊሲ አለው?» የሚል አልነበረም፤ «ማን ረታ?» ነው። መርታት የችሎት ቃል ነው። ዘመናዊው ፍርድ ቤት ሳይመጣ በፊት ከሳሽና ተከሳሽ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው «ተጠየቅ»፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በስንኝና በምሳሌ ይሟገቱ፣ በበቅሎና በማር ይወራረዱ ነበር፤ ዙሪያውን የከበበው መንገደኛም ዝም ብሎ የቆመ አልነበረም፣ የተሰማውን ይናገር ነበር። ዛሬ ንትርክን የሚገልጸው «እሰጥ አገባ» የሚለው ቃል እንኳ የዚያ ሙግት ቅሪት ነው። ቴሌቪዥኑ ያን ችሎት ሳሎን ውስጥ ዘረጋው፤ ተመልካቹም የከበበውን ሰው ቦታ ያዘ። ምዕራባውያን ጸሐፍት ክርክርን ከቡጢ ግጥሚያ ወይም ከፈረስ እሽቅድምድም ጋር ማመሳሰል ይወዳሉ። ለኢትዮጵያ ተመልካች ግን ምሳሌው ሙግት ነው፣ ልዩነቱም ቀላል አይደለም፤ በቡጢ ያሸነፈ ጠንካራ እንጂ እውነተኛ አይባልም፣ በሙግት የረታ ግን እውነቱ የእሱ ነው ተብሎ ይታመናል።

ስለዚህ ምዘናው ጆሮ ላይ ያተኮረ ነበር። የኢኮኖሚ መምህሩ ብርሃኑ ነጋ ቁጥር እየጠቀሰ ሲናገር ነገርን የማስረዳት ችሎታው፣ ወጣቱ ልደቱ አያሌው የተቃራኒውን ቃል አንሥቶ በዚያው ቃል የመመለስ ብልሃቱ፣ የፖለቲካ ሳይንስ መምህሩ መረራ ጉዲና በተረትና በቀልድ ማዋዛቱ፣ የሥነ ሕይወት ፕሮፌሰሩ በየነ ጴጥሮስ እርጋታው በየሰፈሩ የተነገረላቸው ለዚህ ነው። በገዥው ወገን የማስታወቂያ ሚኒስትሩ በረከት ስምዖን ያለ ማመንታት የሚመልስ ብርቱ ተከራካሪ ነበር። ይሁንና መንበር ላይ ያለ ሰው በሙግት ጊዜ የሚገጥመውን ችግር አላመለጠም፤ ቁጣው እንደ ሥልጣን፣ ፈገግታው እንደ ንቀት ይቆጠርበታል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ከተባለው ይልቅ የተተወውን ያዳምጣል። ኢቴቪን ለዓመታት በተገላቢጦሽ ሲተረጉም የኖረ ሰው፣ «ምርት ጨምሯል» ሲባል የጤፍ ዋጋ ትዝ የሚለው ሰው፣ ክርክሩን በዚሁ ዘዴ ሰማው። የባህል ጥናት ሊቁ ስቱዋርት ሆል እ.ኤ.አ. በ1973 ባቀረበው ጽሑፍ «ተቃራኒ ንባብ» የሚለው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ሥርጭቱ ያስከተለው ለውጥ ሐሳብን ከማስለወጥ ይልቅ ፍርሃትን በመቀነስ ላይ እንደሚያመዝን መገመት ይቻላል። አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ኢሕአዴግን መተቸት የጀመረው ክርክሩን ካየ በኋላ አይደለም፤ በቤቱ ሲያማ ኖሯል። የተለወጠው ሐሜቱ አደባባይ መውጣቱ ነው። በመንግሥት ጣቢያ፣ በቀጥታ ሥርጭት፣ ባለሥልጣኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ የተባለ ነገር በአጠና ተራ ቢደገም ማን ይቆጣል? በየሳሎኑ አብሮ ያጉረመረመ ሰው ደግሞ ጎረቤቱም እንደ እሱ እንደሚያስብ ዐወቀ። ይህ ዕውቀት ከማንኛውም የፖሊሲ ትምህርት የበለጠ ክብደት ሳይኖረው አይቀርም። ሚያዝያ 30 ቀን ቅንጅት በመስቀል አደባባይ በጠራው ሰልፍ የወጣው ሕዝብ ብዛት፣ በምርጫው ቀንም እስከ ሌሊት የዘለቀው የመራጮች ሰልፍ ከዚህ ጋር አብሮ መታየት አለበት።

በዓለም ላይ የተመልካች ስሜት ጥናት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 1960 ኬኔዲና ኒክሰን ቺካጎ ላይ ካደረጉት ክርክር ነው። በራዲዮ የሰሙ ኒክሰን፣ በቴሌቪዥን ያዩ ኬኔዲ ረታ አሉ የሚለው ወግ በየመማሪያ መጽሐፉ ይደጋገማል፤ የተመሠረተበት የአስተያየት ጥናት ግን ደካማ እንደነበር ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ለኢትዮጵያ የበለጠ የሚቀርበው የሴራሊዮን ልምድ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2012ቱ ምርጫ ተመራማሪዎች የምክር ቤት ዕጩዎችን ክርክር ቀርጸው በየምርጫ ጣቢያው አካባቢ ለተሰበሰበ ሕዝብ አሳዩ። ያየው ሕዝብ ስለ ዕጩዎቹ ያለው ዕውቀት ከፍ አለ፣ በክርክሩ ጥሩ የተናገሩትም ተጨማሪ ድምፅ አገኙ። ተመልካቹ የመዘነው ቁም ነገሩንም አንደበቱንም ነበር። በ1997ቱ ኢትዮጵያ በማግስቱ የሰውን አስተያየት ለክቶ የሚያወጣ ተቋም ስላልነበረ እንዲህ ያለ መለኪያ የለም፤ ከዚህ በላይ የተባለውም በዚያው ልክ መወሰድ ይኖርበታል።

የድምፅ ውጤቱ ራሱ ግን ይናገራል። ኮልፌ ቀራኒዮን ጨምሮ በአዲስ አበባ ያሉትን 23 የፓርላማ ወንበሮች ሁሉ ቅንጅት ወሰደ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎችም 137ቱን አሸነፈ። በአገር አቀፍ ደረጃ በይፋ በተገለጸው ውጤት ከ547 ወንበሮች ኢሕአዴግ 327 ሲያገኝ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ። ተቃዋሚዎች ውጤቱን አልተቀበሉም። በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተፈጠረው ግጭት 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ አረጋገጠ፤ ከሰኔው ግጭት በኋላም የሞባይል አጭር መልእክት እስከ 2000 ዓ.ም. ዋዜማ ድረስ ተዘግቶ ቆየ። ከክርክሩ ተሳታፊዎች ብዙዎቹ ያን ዘመን በመጽሐፍ መልሰው ተሟግተውበታል፦ ብርሃኑ በ«የነፃነት ጎህ ሲቀድ»፣ ልደቱ በ«የአረም እርሻ»፣ በረከት በ«የሁለት ምርጫዎች ወግ»።

የ2002ና የ2007 ክርክሮች ያንን ስሜት አልቀሰቀሱም። ተመልካቹ 1997 ምን እንዳስከተለ አይቷል፤ ተከራካሪው ቢረታም ፍርዱ የት እንደሚሄድ መጠየቅ ጀምሯል። በ2002 ተቃዋሚዎች በጠቅላላ ያገኙት ወንበር አንድ ብቻ ነበር፣ በ2007 ምንም። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ዋዜማ ብልጽግና፣ ኢዜማ፣ አብን፣ እናትና ሌሎችም ፓርቲዎች በብዙ ጣቢያዎች ተከራከሩ። የምርጫ ቦርዱን በዚያን ጊዜ የምትመራው ቀድሞ የቅንጅት ምክትል ሊቀ መንበር የነበረችው ብርቱካን ሚደቅሳ ስትሆን፣ ብርሃኑ ነጋም ኢዜማን ወክሎ ተመልሶ ነበር። ብልጽግና ከአዲስ አበባ 23 ወንበሮች 22ቱን ወሰደ። ክርክሮቹ በጨዋነት የተሻሉ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ የሚያናግሩ ግን አልነበሩም።

ፖለቲካው ብቻውን ይህን አያስረዳም። ኮልፌ ቀራኒዮም ተለውጧል። በቤቴል፣ በሚኪ ሌላንድና በዓለም ባንክ ግድም ሰው ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ግል ቤት ገብቷል፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥንና ዲሽ አለው። ክርክር የሰለቸው ተመልካች አንድ ቁልፍ ተጭኖ ወደ ድራማ ወይም ወደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ይሻገራል፤ በ1997 አብዛኛው ሰው ይህ ምርጫ አልነበረውም። ግቢው ሲበተን ችሎቱም ተበተነ። ስሜቱን የሚገልጸው አሁን ስልኩ ላይ ነው፣ እሱም ሙሉውን የሁለት ሰዓት ክርክር አይቶ ሳይሆን የሁለት ደቂቃ ቁራጩን ነው። ከነዚህ ቁራጮች መካከል የ1997ቱ ክርክሮች አሁንም በዩቲዩብ ይዞራሉ፤ ምስሉ ደብዛዛ፣ ድምፁ የሚንሿሿ ነው። ከሥራቸው አስተያየት ከሚጽፉት መካከል ክርክሩ ሲካሄድ ገና ያልተወለዱ አሉ፤ የሚጠይቁትም ያንኑ ነው፦ ማን ረታ?