ከሁለት አምፖል ወደ ምጣድ፦ የአሮጌ ቤቶቻችን የመብራት ሳጥን ታሪክ

በቁጠባ ቀናችን ስለ መብራት የምንነጋገረው አብዛኛውን ጊዜ ሲጠፋ ነው። ባለፈው ክረምት ግን በርቶ ሳለ ያስደነገጠንን ነገር ተነጋገርን። ወልድያ ውስጥ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አባላችን ሌሊት ምጣዷን ሰክታ ስትሠራ ከቆጣሪው ሥር ያለው ሳጥን መጨስ ጀመረ። ጎረቤት ደርሶ ዋናውን ማጥፊያ ባያወርደው ኖሮ ቤቱ ይነድ ነበር። በማግስቱ ሳጥኑ ሲከፈት በፊውዙ ቦታ የተገኘው የተጠማዘዘ የመዳብ ሽቦ ነው። ማን እንዳሰረው የሚያውቅ አልነበረም፤ ቤቱ ከእሷ በፊት ብዙ ተከራይ አሳልፏል። እኛም ማን አሰረው ማለቱን ትተን ለምን ታሰረ ብለን ጠየቅን።

መብራት ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ መጀመሪያ የበራውም በቤተ መንግሥቱ ነው። የኢትዮጵያ መብራት ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የቆቃ ግድብም በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከዋናው መስመር የራቁ ብዙ የክፍለ ሀገር ከተሞች ግን ለረጅም ጊዜ በናፍጣ ሞተር ነበር የሚበሩት። በዚያ ዘመን መብራት ስሙ እንደሚለው መብራት ብቻ ነበር፦ ሳሎን አንድ አምፖል፣ ጓዳ አንድ አምፖል፣ ካለም ሬዲዮ። እንጀራው በእንጨትና በኩበት ይጋገራል። ቀጭኑ ሽቦ፣ የእንጨት ሰሌዳውና የሸክላ ፊውዙ ለዚያ ኑሮ የተለኩ ነበሩ፤ ለዚያም ይበቁ ነበር።

ከዚያ ኑሮው ተለወጠ፤ ሳጥኑ ግን ባለበት ቀረ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ተከራዩ ቤቱ የእኔ አይደለም ይላል፤ በዚያ ኪራይ ደግሞ ሽቦ የሚቀየርበት ገንዘብ አይገኝም። የግል ቤቶችም ቢሆኑ ተሸነሸኑ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የኪራይ ክፍል ፈላጊው በዛ፤ በየግቢው ሰርቪስ ተሠራ፤ በአንድ ቆጣሪ አራት አምስት ቤት መጠቀም ተለመደ። መርሳ ላይ መንገድ ዳር ያሉ ሻይ ቤቶች ፍሪጅ አስገቡ። በሀብሩ ቀበሌዎችም ቆጣሪ የሌለው ከጎረቤቱ ይቀጥላል።

ትልቁ ለውጥ ግን ምጣዱ ነው። ባለ 60 ዋት አምፖል የሚወስደው ሩብ አምፔር ያህል ሲሆን ባለ 3,500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። አንድ ምጣድ ከ50 በላይ አምፖል ማለት ነው።

ፊውዝ የሚሠራው እንዲቃጠል ነው፤ እሱ ሲቀልጥ ቤቱ ይድናል። ነገር ግን ሊጥ ከቦካ አይጠብቅም። ሌሊት ፊውዝ ሲቃጠል ሱቅ ዝግ ነው፤ ጠዋት ደግሞ ደንበኛ አለ። ስለዚህ የመዳብ ሽቦ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ፊውዙ መቅለጡን ይተዋል፤ የሚግለው ከአቡጀዲ ኮርኒሱ በላይና በጭቃው ግድግዳ እንጨት ላይ የተዘረጋው ሽቦ ነው። ያቺ ሽቦ የታሰረችው በስንፍና አይደለም፤ እንጀራ ፍለጋ ነው።

ጦርነቱም የራሱን ጨምሯል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጨለማ ከቆየን በኋላ መብራት ሲመለስ፣ የተበጠሰውን በፕላስተር እየጠቀለልን ቀጠልነው። ለጊዜው ያልነው ቅጥያ በብዙ ቤት ዛሬም አለ።

መፍትሔው አዲስ ነገር አይደለም። ሁጎ ስቶትዝ የተባለ ጀርመናዊ ራሱን የሚያጠፋውን ትንሽ ብሬከር የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት በ1924 እ.ኤ.አ. ነው፤ አንድ መቶ ዓመት አልፎታል። ሆኖም ብሬከር ብቻውን አያድንም። በቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ብሬከር መግጠም ያንኑ የመዳብ ሽቦ መልሶ ማሰር ነው። ለምጣድ የራሱ መስመር፣ ለሽቦው የሚመጥን ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር ደግሞ የደንበኛው ኃላፊነት ስለሆነ ካልጠራን በቀር ማንም መጥቶ አያይልንም።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ምጣድ መግዣ ብድር አግኝተን ብዙዎቻችን ከእንጨት ሸክምና ከጭስ ወጥተናል፤ እናመሰግናለን። ግን ምጣዶቹን የሰካነው በእናቶቻችን ዘመን ሳጥን ላይ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ የምጣድ ብድር ሲታሰብ የመስመሩና የብሬከሩ ወጪ አብሮ እንዲታሰብ እንጠይቃለን። እኛም ከቁጠባችን ለሳጥን መቀየሪያ የሚሆን አነስተኛ ብድር እንዲፈቀድ በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ እናቀርባለን።

እህቶች፣ እስከዚያው ድረስ ሳጥኑ የሚሞቅ ከሆነ፣ የፕላስቲክ ሽታ ካለው፣ ምጣድ ሲሰካም አምፖሉ የሚደበዝዝ ከሆነ ምጣዱን ነቅላችሁ የሙያ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ምጣድና ስቶቭ አብራችሁ አትስኩ። ለጨሰ ሳጥን ውኃ አትድፉ፤ ዋናውን አጥፉ። ሳጥኑን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ የቀበሌ ቤት ከሆነ ብቻችሁን ሳይሆን በማኅበር ሆነን እናመልክት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።