ለብስክሌቷ የሚሆን ሞተር

ወገኖቼ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ብስክሌት ላይ ሞተር ስለገጠሙ ሰዎች ነው፤ ወሬው ረዘም ይላልና ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ጊዜው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1946 ነው። ጃፓን በጦርነቱ ተሸንፋለች፣ ከተሞቿ በቦምብ ፈርሰዋል፣ ቤንዚን በራሽን ነው፣ ባቡሩ በሰው ተጨናንቆ መቆሚያ የለውም፣ የከተማውም ሰው የሚበላውን ፍለጋ ወደ ገጠር ይወጣል። በቶኪዮና በኦሳካ መካከል፣ በባሕሩ ጠረፍ፣ ሐማማትሱ የምትባል ከተማ አለች፤ በብርዱ ወራት ደረቅ ነፋስ ፊት የሚገርፍባት ከተማ ናት። እዚያ ሶይቺሮ ሆንዳ የሚባል መካኒክ ይኖር ነበር። የፒስተን ቀለበት የሚያመርት ድርጅት ነበረው፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ድርሻውን ለቶዮታ ሸጠና አንድ ዓመት ያህል ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ባለቤቱ ሳቺ ግን አልተቀመጠችም፤ ለቤቱ የሚሆን ምግብ ፍለጋ ብስክሌት እየረገጠች ሩቅ ትሄዳለች፣ ደክማም ትመለሳለች፣ እሱም ይህን ያያል።

ከዚያም አንድ ቀን ወዳጁ ቤት ጎራ ሲል አንዲት ትንሽ ሞተር አየ። ሠራዊቱ ለሬዲዮ መገናኛ የኤሌክትሪክ ማመንጫ አድርጎ ይጠቀምባት የነበረች፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ጌታ ያጣች ሞተር ናት። ሆንዳም አነሳት፣ አገላበጣት፣ ወደ ቤቱም ወሰዳትና ብስክሌት ላይ አሰራት። መጀመሪያ ከፊት ጎማው በላይ አስቀምጦ በጎማ መዘውር የፊቱን ጎማ እያሻሸች እንድታዞረው አደረገ፤ ጎማው ግን ቶሎ ቶሎ እየተበላ አስቸገረው። ከዚያ አወረዳትና ወደ ቴላዮው መካከል አመጣት፣ ኃይሏንም በቺንጋ ወደ ኋላው ጎማ ላከው። የቤንዚን መያዣ ሲቸግረው ሰው በብርድ ሌሊት እግሩን የሚያሞቅበትን የቆርቆሮ የሙቅ ውሃ ዕቃ ወስዶ ሳልባታዮ አደረገው።

ከዚያም ለሳቺ ሰጣትና «እስቲ ንጂው» አላት። እሷም ደህና ልብሷን ለብሳ፣ ሰው በሚበዛበት ጎዳና፣ ሰው ሁሉ እያየ ነዳችው። ስትመለስ ልብሷ በዘይት ጨቅይቶ ነበር፤ ካርቡሬተሩ ወደ ኋላ ይተፋ ነበርና። ይህ አይሆንም፣ ገዢዎችህ ተመልሰው ይወቅሱሃል አለችው፣ እሱም ሰማትና ካርቡሬተሩን አስተካከለው። ይህን ታሪክ የምወደው ስለዚህ ነው፤ ሞተሯ የተፈተነችው በሥራ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ምግብ ፍለጋ ብስክሌት በምትረግጥ ሴት ስር ነበር። ከሠራዊቱ ትርፍ የተገኙት ሞተሮች 500 ያህል ነበሩ፣ እነሱም ተገጣጥመው ተሸጠው አለቁ፤ ከዚያ በ1947 ሆንዳ የራሱን ባለ 50 ሲሲ ሞተር ሠራ።

አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ልመልሳችሁና ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሚልዋኪ እንሂድ። በ1901 ዊልያም ሃርሊ የሚባል የ20 ዓመት ወጣት ለብስክሌት የሚሆን ሞተር በወረቀት ላይ ነደፈ፤ ይዘቷ 116 ሲሲ ነው። ከአብሮ አደጉ ከአርተር ዴቪድሰን ጋር ሆነው ማታ ማታ ሲቀርጹ፣ ሲሞርዱ፣ ሲገጥሙ ቆዩና በ1903 ጨረሷት፣ ወደ መንገድም አወጧት። ሜዳውን ሄደች። ከዚያ ዳገት መጣ። የሚልዋኪ ዳገት ደግሞ መለስተኛ ዳገት ነው፣ የእኛን አገር ዳገት ለሚያውቅ ሰው የሚያስፈራ አይደለም፤ እሷ ግን ያለ ፔዳል እርዳታ ልትወጣው አልቻለችም።

ልጆቹ አልተከራከሩም፤ ቁጭ አሉና ሌላ ሞተር ሠሩ። አዲሱ 405 ሲሲ ነበር፤ ቮላኖው፣ ያ የሞተሩን ዙር የሚያስተካክለው ከባድ ክብ ብረት፣ ብቻውን 13 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ዳገቱንም ወጡት። ነገር ግን ልብ በሉልኝ፣ ይህን ሞተር የብስክሌት ቴላዮ ሊሸከመው አልቻለም፤ አዲስ ቴላዮ መሥራት ግድ ሆነባቸው፣ በ1904 መስከረም ሚልዋኪ ውስጥ በተደረገ ውድድር አራተኛ የወጣችውም ያቺው አዲሷ ነበረች። ሞተር ሳይክል ሆናለች፣ ብስክሌትነቷ ግን እዚያ ላይ አበቃ።

ወደ ጣሊያንም ብቅ እንበል፣ ብዙ አንቆይም። በ1945 ቱሪን ውስጥ አልዶ ፋሪኔሊ የሚባል ሰው ኩቾሎ የተባለችውን ሞተር አወጣ፤ 48 ሲሲ ብቻ ናት፣ ነገር ግን ባለ 4 ምት ናት፣ 2 ማርሽ አላት፣ የተሠራችውም ሰው ባለው ብስክሌት ፔዳል ሥር እንድትገባ ተብሎ ነው። ኋላ ቦሎኛ ያለው፣ በጦርነቱ በቦምብ የተመታው የዱካቲ ፋብሪካ ተቀብሎ አመረታት፤ ዱካቲ ወደ ሁለት ጎማ ሥራ የገባው በእሷ ነው።

እንግዲህ ዛሬም የድሮዎቹን መልክ ለማምጣት የሚለፋ ሰው አለ። መሪው ወደ ታች የታጠፈ፣ ሴላው የቆዳ፣ ሳልባታዮው ረዥምና ቀጭን፣ ቀለሙም የዱሮ ቀለም። ያን ሁሉ ካሳመረ በኋላ ሞተር ምረጥ ሲባል ልቡ ለሁለት ይከፈላል። በአንድ በኩል የቻይናዋ ባለ 2 ምት አለች፤ ርካሽ ናት፣ ቀላል ናት፣ ቀጭን ስለሆነች በቴላዮው መካከል ልክ ትገባለች፣ የቆመችው ባለ ክንፍ ሲሊንደሯም ለዱሮ መልክ ትስማማለች። ብዙ ጊዜ 80 ሲሲ ተብላ ትሸጣለች፤ የሲሊንደሯ አፍ 47 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኗ ምት 38 ሚሊ ሜትር ነውና ብታሰሉት 66 ሲሲ ነው የሚወጣው። ቤንዚኗ ከዘይት ጋር መቀላቀል አለበት፣ ንዝረቷም ብሎን ይፈታል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የኋላው ጥርስ አያያዝ ነው፤ በላስቲክ ተደግፎ ራጂዎቹ ላይ ይታሰራል፣ መሃሉን ከሳተ ካቴናው ይዘልና ጎማው ውስጥ ይገባል፣ ራጂ ይሰብራል፣ ሰውም ይጥላል። ጥርሱን ከራጂው ሳይሆን ከጎማው እምብርት ጋር የሚያስር ማያያዣ አለ፤ ይህችን ሞተር የመረጠ ሰው እሱንም ይግዛ።

በሌላ በኩል ባለ 4 ምቷ፣ 49 ሲሲ አካባቢ ያለችው አለች። ድምጿ ዝግ ያለ ነው፣ ዘይቷ ለብቻው ነው፣ በትንሽ ቤንዚን ሩቅ ትሄዳለች። ግን ጎኗ ሰፊ ነውና የፔዳሉ ክንድ ሰፋ ብሎ መለወጥ አለበት፣ ክብደትም ትጨምራለች፣ መልኳም ከዱሮው መልክ ይልቅ የውሃ መሳቢያ ሞተር ይመስላል። ይህን የሚጠላ ሰው ብዙ ነው፣ እኔ ግን በመልክ አልፈርድባትም።

ከ50 ሲሲ በላይ የሚመኘውን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የሃርሊን ቴላዮ ያስታውስ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፣ የብስክሌት ፍሬን ደግሞ የተሠራው በእግር ለሚረገጥ ፍጥነት ነው፤ ቸርኪው በዝናብ ሲርስ የመያዝ ኃይሉም ይቀንሳል። በአውሮፓም ሕጉ ለዚህ ዓይነቱ ቀላል ባለ ሞተር ያሰመረው ወሰን 50 ሲሲና በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ነው።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ በየቀኑ ለሚነዳት ሰው ባለ 4 ምቷን እመርጣለሁ፣ ዳገት ሲመጣ ይረዳል ብዬም ፔዳሉን አላወልቅም፤ በሳምንት አንድ ቀን አውጥቶ ለሚንሸራሸርና በእጁ መጠገን ለሚወድ ባለ 2 ምቷ ትበቃዋለች። የትኛዋንም ብትወስዱ ግን፣ እባካችሁ፣ ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት የጥሩ ፍሬን ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ብስክሌቷ የምትሸከመው የእናንተን ወይም የባለቤታችሁን ወይም የልጃችሁን ሕይወት ነውና።