ጌጥና ጩኸት፦ የስሌድ ባንድ አነሣስና ቅርስ

የኪነት ሥራ ሲመዘን ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ሚዛን ላይ የሚወጣው ለዓይን የሚታየው ነው፤ ልብሱ፣ ቀለሙ፣ የመድረኩ መብራት። በእንግሊዝ አገር ከ1971 እስከ 1975 ግድም የነገሠው ግላም ሮክ የተፈረደበትም በዚሁ ሚዛን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስያሜው ማሸብረቅንና በውበት ማማለልን ከሚያመለክተው "ግላመር" ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ወንዶች ሙዚቀኞች ጉንጫቸው ላይ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ነስንሰው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ ባለ ወፍራም ሶል ጫማ አጥልቀው መድረክ ላይ የወጡበት ዘመን ነው። ማርክ ቦላን ቲ. ሬክስ ከተባለው ባንዱ ጋር በ1971 መንገዱን ጠረገ። ዴቪድ ቦዊ በ1972 ዚጊ ስታርደስት የተባለ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ሮክን ከቲያትር ጋር አጋባ። በ1969 መጨረሻ የእንግሊዝ ዋና የቴሌቪዥን ጣቢያ በቀለም ማሰራጨት ጀምሮ ስለ ነበር፣ ጌጡ ከየሳሎኑ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

በዚህ ሰልፍ ውስጥ ስሌድ የተባለው ባለ አራት አባል ባንድ ለየት ያለ ቦታ አለው። ሐያሲዎች እንደ ቦዊ አልተመራመሩበትም፤ ምሁራንም መጽሐፍ አላበዙለትም። ሕዝቡ ግን ከ1971 እስከ 1973 ባሉት ጥቂት ዓመታት ስድስት ዘፈኖቹን በአገሪቱ የሸክላ ሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ አስቀመጠለት። ይህን ያስገኘው ጌጡ ብቻ ከሆነ፣ ጌጡ ሲወልቅ ነገሩ ሁሉ አብሮ ባለቀ ነበር። ስለዚህ መመርመር ያለበት ከጌጡ በታች የነበረው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው።

ከጥቁሩ አገር

ከበርሚንግሃም በስተሰሜን ምዕራብ ያለውን አካባቢ እንግሊዞች "ብላክ ካንትሪ"፣ ጥቁሩ አገር ይሉታል። የድንጋይ ከሰሉ ማዕድንና የማቅለጫው ጢስ ያወጣለት ስም ነው። ሰንሰለት፣ ምስማርና ቁልፍ የአካባቢው መታወቂያ ነበሩ። የሕዝቡ አነጋገር ከለንደን እንግሊዝኛ እጅግ የራቀ በመሆኑ፣ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል የመጣ ሰው ይስቅበት፣ አልፎ አልፎም ይንቀው ነበር።

የስሌድ አባላት ያደጉት በዚህ አካባቢ ነው። ድምፃዊውና ጊታር ተጫዋቹ ኖዲ ሆልደር በ1946 በዎልሶል ከተማ ተወለደ፤ አባቱ መስኮት በማጠብ ይተዳደር ነበር። ከበሮ መቺው ዶን ፓወል የብረት ከተማ የሆነችው የቢልስተን ልጅ ሲሆን፣ የብረታ ብረት ሙያ ተምሯል። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጂም ሊ የተወለደው በዎልቨርሃምፕተን በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ነው፤ በልጅነቱ ግን ቫዮሊን ተምሮ በስታፎርድሺር የወጣቶች ኦርኬስትራ ውስጥ ተጫውቷል። መሪ ጊታሪስቱ ዴቭ ሂል ያደገው በዚያው በዎልቨርሃምፕተን ሲሆን፣ ሙዚቃን መተዳደሪያው ከማድረጉ በፊት የቢሮ ሠራተኛ ነበር።

አራቱ በ1966 ኢን ቢትዊንስ በሚል ስም ተሰባሰቡ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ያህል በየመጠጥ ቤቱና በየሠራተኛው ክበብ ተጫወቱ። በ1968 በባሃማስ ደሴቶች ለመጫወት ተዋውለው ከሄዱ በኋላ ውሉ ስለ ፈረሰ፣ የሆቴል ዕዳቸውን ለመክፈል ለወራት እየተጫወቱ መቆየት ግድ ሆነባቸው። ይህ ሁሉ ልፋት አንድ ትምህርት ሰጥቷቸዋል። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ የደከመ፣ ብርጭቆውን ጨብጦ ከጓደኛው ጋር የሚያወራ ሰው ሙዚቃ እንዲሰማ የሚገደድበት ምክንያት የለም። ፊቱን ወደ መድረኩ እንዲያዞር፣ ካዞረም በኋላ እንዲዘፍን ማድረግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እነዚህ ልጆች የተካኑት በዚህ ሙያ ነው።

ስም፣ ጫማና ፊደል

በ1969 ቻስ ቻንድለር ለንደን ውስጥ ሰማቸው። ቻንድለር ከኒውካስል የመጣ፣ አኒማልስ በተባለው ባንድ ቤዝ ይጫወት የነበረ፣ ጂሚ ሄንድሪክስን ከአሜሪካ አምጥቶ ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነው። ሥራ አስኪያጃቸው ሆነ፤ የባንዱም ስም አጥሮ ስሌድ ተባለ። የመጀመሪያው የማስተዋወቂያ ዘዴ ግን ከሽፏል። ባንዱ በዘመኑ "ስኪንሄድ" የሚባሉትን ወጣቶች እንዲመስል ተብሎ አባላቱ ጸጉራቸውን ተላጩ፤ ከባድ ቦቲ ጫማና ማንገቻ ያለው ሱሪም ለበሱ። እነዚያ ወጣቶች ስማቸው ከጠብ ጋር ይነሣ ስለ ነበር፣ የቴሌቪዥንና የክበብ ኃላፊዎች ባንዱን ሸሹት። ጸጉሩ ቀስ በቀስ አደገ፤ ቦቲ ጫማው ግን አልቀረም። የስሌድ ሙዚቃ መለያ የሆነው መሬት የሚደበድብ እግር እዚህ ላይ ሥር ሰደደ።

በ1971 አጋማሽ "ጌት ዳውን ኤንድ ጌት ዊዝ ኢት" የተሰኘው ሸክላቸው 16ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ቻንድለር የሚቀጥለውን ዘፈን ራሳቸው እንዲደርሱት አዘዛቸው። ሊ ቫዮሊኑን ይዞ ሆልደር ቤት ሄደ፤ ዘፈኑም በአንድ መቀመጫ ተሠራ። ዜማው ጥሩ ቢሆንም ለእነርሱ ለስላሳ ሆኖ ታያቸው። ስለዚህ የእግር ድብደባና ጭብጨባ ጨመሩበት፤ ርእሱንም "ስለምወድሽ" ማለት የሆነውን ሐረግ በሰፈራቸው አነጋገር፣ ጆሮ እንደ ሰማው አድርገው ጻፉት። "ኮዝ አይ ላቭ ዩ" በ1971 መጨረሻ አራት ሳምንት ሙሉ ቁጥር 1 ሆኖ ቆየ።

ከዚያ ወዲህ የተጣመመ የፊደል አጻጻፍ የባንዱ መታወቂያ ሆነ። አስተማሪዎች ለልጆቻችን ስሕተት ታስተምራላችሁ ብለው አጉረመረሙ፤ ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ጠብ መጀመሪያ ላይ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የኛ ፊደል በአመዛኙ እንደሚነገረው ስለሚጻፍ፣ ጆሮን አምኖ መጻፍ ለኛ ነውር አይደለም፤ ምንም እንኳ ስለ "ሀ"፣ "ሐ" እና "ኀ" የምንከራከርበት ክርክር ባይጠፋም። እንግሊዝኛ ግን ጽሕፈቱ ከንግግሩ የተራራቀ ቋንቋ ነው። ያንን ርቀት ጠብቆ መጻፍ መቻል የትምህርት ብቻ ሳይሆን የመደብም ምልክት ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ የብረት ሠራተኛ ሰፈር ልጅ እንደ አፉ ጽፎ ሸክላውን በየሱቁ መስኮት ሲያስደረድር፣ እስከዚያ ድረስ መሳቂያ የነበረ አነጋገር በአገሩ አደባባይ ታተመ ማለት ነው። የማስታወቂያ ብልሃት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ሰዎቹ ሳይቀሩ የተናቁበትን ነገር ባንዲራ ያደረገ ብልሃት ነው።

አለባበሱም በዚህ ዓይን ሲታይ ትርጉም ያገኛል። ሆልደር ከፍ ባለ ጥቁር ባርኔጣው ዙሪያ ክብ መስታወቶች ለጥፎ ነበር። መብራት ሲያርፍባቸው ጨረሩን መልሰው ወደ ተመልካቹ ይረጩታል። ዴቭ ሂል በበኩሉ የብር ቀለም ያለው ልብስ ለብሶ፣ ግንባሩን በብልጭልጭ አስጊጦ ይወጣ ነበር። ሊና ፓወል ለዚህ ጌጥ እምብዛም ልብ አልነበራቸውም፤ ሂል ግን እናንተ ድረሱ፣ ሻጩ እኔ ነኝ ባይ ነበር። የቦዊ ልብስ ተመልካቹን ከሌላ ዓለም የመጣ ሰው እንዲያይ ያደርገዋል። የስሌድ ልብስ ግን የሰፈሩ ልጅ ለበዓል ከልኩ በላይ አጊጦ የወጣ ያስመስል ነበር፤ ተመልካቹም ራሱን አየበት።

ቅርጹና ይዘቱ የተገናኙት በመድረክ ላይ ነው። በጥቅምት 1971 ለንደን ውስጥ በአንድ የቀረጻ ክፍል ተመልካች ተጋብዞ የተቀዳው "ስሌድ አላይቭ!" የተባለው አልበም፣ በ1972 ሲወጣ የባንዱን እውነተኛ ጉልበት አሳየ። በዚያው ዓመት በአንድ ትርኢት ላይ የሕዝቡ ድምፅ ደረቱን ሲመታው የተሰማው ሆልደር፣ ጩኸቱን "ስሙ" ሊል የነበረውን ርእስ "ይሰማችሁ፣ ሰውነታችሁ ይወቀው" ወደሚል ለወጠው። "ካም ኦን ፊል ዘ ኖይዝ" እንዲህ ተወለደ። በመጋቢት 1973 በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት በቀጥታ ቁጥር 1 ሆነ፤ ይህ ከ1969 የቢትልስ ዘፈን ወዲህ ያልታየ ነገር ነበር። በዘፈኑ ውስጥ ዋናው መሣሪያ የአድማጩ ጉሮሮ ነው።

የ1973 ሐዘንና ደስታ

በሐምሌ 1973 መጀመሪያ ባንዱ በለንደኑ የኧርልስ ኮርት አዳራሽ ታላቅ ትርኢት አሳየ። ከሦስት ቀን በኋላ ዶን ፓወል የነበረበት መኪና በዎልቨርሃምፕተን ተጋጨ። አብራው የነበረችው ወጣት ሞተች፤ እርሱም ለቀናት ራሱን ሳያውቅ ቆየ። ከሞት ቢተርፍም የቅርብ ጊዜ ትዝታው ተጎዳ፤ የማሽተትና የመቅመስ ስሜቱም ጠፋ። ጓደኞቹ በሌላ ሰው አልተኩትም። ቃል የገቡባቸው ትርኢቶች እንዳይቀሩ የጂም ሊ ወንድም ለጥቂት ጊዜ ቦታውን ሸፈነ እንጂ፣ ወንበሩ የፓወል እንደ ሆነ ቆየ። ከበሮውን መምታት አልረሳም፤ የረሳው ዘፈኖቹ እንዴት እንደሚሄዱ ነበር። ስለዚህ እየነገሩ፣ እያስታወሱ መልሰው አስተማሩት።

በመስከረም 1973 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ በሙቀት ወራት ማብቂያ፣ የገና ዘፈን ለመቅዳት የገቡት በዚህ ሁኔታ ላይ ሳሉ ነው። ቀድሞ እንደለመዱት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ተጫውተው መቅዳት ስላልተቻለ በየክፍሉ እየከፋፈሉ ቀዱት። ተቀባዩን ድምፅ የሚያስተጋባ ኮሪደር ላይ ወጥተው ሲዘፍኑ፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሰው በሙቀት ስለ ገና የሚጮኹትን እንግሊዞች ተገርሞ ያይ ነበር። ዜማው ከሁለት የተገጠመ ነው፤ አዝማቹን ሆልደር በ1967 ደርሶ የጣለው ሲሆን፣ የቀረውን ሊ ጨመረበት። ግጥሙን ሆልደር ዎልሶል ውስጥ በወላጆቹ ቤት በአንድ ሌሊት ጻፈው። በግጥሙ ውስጥ ያለው ዘመድ የሚጠብቅ ጠባብ ቤት፣ የምትጨፍር አያትና የነገ ተስፋ ነው።

"ሜሪ ክሪስማስ ኤቭሪባዲ" በታኅሣሥ 1973 ሲወጣ እንግሊዝ ተጨንቃ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ንሯል፤ የማዕድን ሠራተኞች ትርፍ ሰዓት አንሠራም ብለዋል። በዚያው ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ከጥር 1974 ጀምሮ ፋብሪካዎች በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እንዲሠሩ መወሰናቸውን አስታወቁ። የጨለመ አገር የሚያበራ ባርኔጣ ያጠለቀውን ሰው ዘፈን ገዛ፤ በቀጥታ ቁጥር 1 ሆነ፤ እስከ ጥር አጋማሽም ከቦታው አልወረደም። በአንድ ዓመት ሦስት ዘፈኖችን በቀጥታ ቁጥር 1 ማስገባት እስከዚያ ማንም ያልሠራው ነበር። ከዘፈኑ በስተጀርባ ዜማውን እየረሳ እንደገና የሚማር አንድ ከበሮ መቺ እንደ ነበረ ግን ከገዙት ብዙዎቹ አላወቁም።

ነበልባልና አመድ

ስሌድ ያገኘውን ዝና የሚመረምር ፊልም መሥራቱ ራሱን የቻለ ድፍረት ነበር። በ1975 መጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበው፣ ሪቻርድ ሎንክሬን ያዘጋጀው "ፍሌም" (ነበልባል) የተሰኘው ፊልም፣ ከሠራተኛ ሰፈር የተነሣ ባንድ በነጋዴዎች እጅ እንደ ሸቀጥ ሲሸጥና ሲበታተን ያሳያል። አራቱም ተውነውበታል። ሳቅና ጭፈራ የጠበቁ ወጣቶች መራራ እውነት አይተው ቅር ብሏቸው ወጡ። የፊልሙ መክፈቻ የሆነው "ሃው ደዝ ኢት ፊል" ከሊ ዜማዎች ሁሉ የላቀ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በሽያጭ ግን ከ15ኛ ደረጃ አላለፈም። ጊዜ ፊልሙን ክሶታል። በ2025፣ ከ50 ዓመት በኋላ፣ ታድሶ በሲኒማ ቤቶች እንደገና ታይቷል።

በ1975 ባንዱ አሜሪካን ለመያዝ ውቅያኖስ ተሻገረ። የዎልቨርሃምፕተን ሕዝብ ከአፉ ነጥቆ የሚዘፍነውን ቀልድና ጥሪ የአሜሪካ ሕዝብ እንደዚያ አልተቀበለውም። አገራቸው ሲመለሱ ፓንክ የተባለው አዲስ ትውልድ መድረኩን ይዞ ነበር። ሸክላው መሸጥ አቆመ፤ ሂል የቅንጦት መኪናውን ለሙሽሮች ሊያከራይ እስከማሰብ ደረሰ። በ1979 የቢልስተን ብረት ማቅለጫም ተዘጋ። ያሳደጋቸው እሳት ከጠፋ በኋላ እነርሱ ግን አልተበተኑም። በነሐሴ 1980 ኦዚ ኦዝበርን በሬዲንግ የሙዚቃ በዓል ላይ ሊቀርብ ባለመቻሉ በመጨረሻው ሰዓት ተጠሩ። ያለ ጋጋታ መድረክ ላይ ወጥተው በሺሕ የሚቆጠረውን ሕዝብ የገና ዘፈናቸውን በነሐሴ አዘፈኑት። በ1981 እንደገና ከምርጥ 10 ገቡ፤ በ1983 መጨረሻ "ማይ ኦ ማይ" 2ኛ ሆነ። ሆልደርና ሊ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባንዱን ተሰናበቱ።

የቀረው

የስሌድ ጉድለት አይሰወርም። ብዙው ግጥም ጥልቀት የለውም፤ አንድ ብልሃት ሲሠራ ሳይታክቱ ደጋግመውታል። ነገር ግን የኪነት ዋጋ በረቂቅነት ብቻ አይለካም። በ1983 ኳየት ራየት የተባለ የአሜሪካ ባንድ "ካም ኦን ፊል ዘ ኖይዝ"ን ዘፍኖ በአገሩ 5ኛ ደረጃ አደረሰው። እነስሌድ ሄደው ያልከፈቱት በር ዘፈናቸው ለብቻው ሄዶ ከፈተው። ባንዱ ራሱም በ1984 "ራን ራናዌይ" በተሰኘው ዘፈን አሜሪካ ውስጥ 20ኛ ሆነ። በፊት ቀለማቸው የታወቁት የኪስ አባላት የስሌድን ውለታ አልካዱም። ከፓንክ ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆነው ጆይ ራሞንም "ስሌድ አላይቭ!"ን ደጋግሞ ያዳምጥ እንደ ነበር ተናግሯል። ስሌድን ከመድረክ ገፋ የተባለው ትውልድ፣ ለካ ከእርሱ የተማረ ነበር። በ1996 ኦኤሲስ ያንኑ ዘፈን እንደገና ተጫወተው።

እነዚህ ወራሾች ከስሌድ የወሰዱት ባርኔጣውን ወይም የብር ልብሱን አይደለም፤ አዝማቹን ነው። አዝማች ሕዝቡ ከዘፋኙ ተቀብሎ የራሱ የሚያደርገው ክፍል ነው፤ አዝማቹ የተያዘለት ዘፋኝ መድረኩን ቢለቅም ድምፁ አይለቅም። ጌጡ የአምስት ዓመት ዕድሜ ነበረው። ዛሬ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲመጣ፣ ባንዱን አይተው የማያውቁ ልጆች ከአያቶቻቸው ጋር ሆነው የሚዘፍኑት ግን በዚያ በጨለመው 1973 የተሰማውን አዝማች ነው።