«ነጂ»፦ ከመንገድ ወደ መሣሪያ የተሻገረ ቃል

በ1900 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲገባ ለሚነዳው ሰው መጠሪያ አስፈለገ። ከፈረንሳይኛ የተወሰደው «ሾፌር» በምንጩ ቀድሞ እሳት አንዳጅ ማለት ነበር፤ ያ ትርጉም ግን ወደ አማርኛ አልተከተለውም። ሕጉ ከማሽከርከር የወጣውን «አሽከርካሪ» ሲመርጥ፣ ከጳውሎስ ታክሲ የሚሳፈረው ሕዝብ ዛሬም «ሾፌር» ይላል። ከብት ከመንዳት የተገኘው «ነጂ» ደግሞ ሥሩን በ«መንጃ ፈቃድ» አቆይቷል።

አሁን ጥያቄው ወደ ታብሌት ተሻግሯል። «ድራይቨር» የሚባለው ፕሮግራም የሥርዓተ ክወናውን ትእዛዝ መሣሪያው በሚቀበለው መልክ ያደርሳል። ከኮምፒዩተር ጋር በገመድ የተያያዘ ታብሌት ሳይታወቅ ቢቀር፣ ገመዱም ደኅና ከሆነ፣ ይህ ፕሮግራም መጫኑንና ከመሣሪያው ሞዴል፣ ከሥርዓተ ክወናውም ጋር መስማማቱን መመርመር ይገባል፤ ካልተስማማ አሮጌውን አንሥቶ ተስማሚውን መጫን ነው።

ተርጓሚው «አሽከርካሪው አልተገኘም» ብሎ ቢጽፍ ግን አንባቢው ሰው የጠፋ ይመስለዋል፤ ምን መጫን እንዳለበትም አይረዳም። «አስተርጓሚ» ለሥራው ቢቀርብም የፕሮግራም ቋንቋን ለሚተረጉም ሌላ ፕሮግራም ያስፈልገናል። ስለዚህ «መሣሪያ ነጂ ፕሮግራም» ማለትን እንመርጣለን። የ«ሾፌር» ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ ስያሜ ሥራውን በሙሉ መግለጽ አይጠበቅበትም፤ ብያኔው ግልጽ ሆኖ በወጥነት ከተሠራበት ይጸናል።