ከአያት ወዲያ ማን አለ?

ፖላንድ ውስጥ ከሁሉም የበዛው የቤተሰብ ስም ኖቫክ ነው። ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሰው ይጠራበታል። ትርጉሙ «አዲሱ» እንደማለት ነው፤ ድሮ ከሌላ ቦታ መጥቶ መንደር ውስጥ ለሰፈረ እንግዳ ይወጣለት የነበረ ስም። እንግድነቱ ካለፈ ስንት ዘመኑ፤ የልጅ ልጆቹ ግን ዛሬም «አዲሱ» ናቸው።

ይህን ስንሰማ ድሬዳዋ ትዝ አለችን። የኛም ልማድ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ከተማው በሙሉ ኖቫክ በሆነ ነበር! ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ከተማዋ ስትቆረቆር ያልመጣባት ማን አለ? ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመናዊው፣ ህንዱ፣ ከመሐል አገር የመጣው... ግሪኩና አርመኑ የቤተሰብ ስማቸውን ከሻንጣቸው ጋር ይዘው ወረዱ። ከመሐል አገር የመጣው ግን የአባቱን ስም ብቻ ይዞ ነበር። የኛ ነገር እንዲህ ነው፤ አንድ ስም ለልጅና ለልጅ ልጅ ያገለግልና ከወረቀት ላይ ይወድቃል።

ሕጉ ሌላ ነገር አስቦ ነበር። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 32 ላይ ሰው ሁሉ ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ይናገራል። እስቲ ቀበሌ ሄዳችሁ የቤተ ዘመድ ስማችሁን የተጠየቃችሁ እጃችሁን አውጡ! መታወቂያው የሚያውቀው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። በቃ።

ታዲያ ከአያት ወዲያ ማንም የለንም ማለት ነው? ከከተማው ወጣ ብላችሁ ወደ ዋሂል ሂዱ። ኦሮሞውና ሶማሌው በሚጎራበቱበት በዚህ የድሬዳዋ ገጠር፣ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ አያት ላይ አይቆምም። ሶማሌው «አብቲርሲ» ይለዋል፤ ልጅ አባቶቹን ወደ ኋላ እየቆጠረ እስከ ጎሳው መሥራች ድረስ በቃሉ ይወጣል። ኦሮሞውም ጎሳውን ይነግራችኋል፤ ኖሌ ነኝ፣ ጉርጉራ ነኝ ይላችኋል። እንዲያውም ፖላንድ ውስጥ በ«ስኪ» ከሚያበቁት ስሞች ብዙዎቹ ከመንደር ስም የተወሰዱ ናቸው። እዚህ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጉርጉራ የሰው ስም ሆኖ ሳለ የወረዳም መጠሪያ ሆኖ ነበር። እዚያ ሰው በአገሩ ተጠራ፣ እዚህ አገር በሰው ተጠራ።

አማርኛም ቢሆን ቃል አላጣም። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያለ ይቀጥላል። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር የነበረው ለጨዋታ አልነበረም። የዘነጋነው እኛ የከተማ ልጆች ነን። እርስ በርስ ተጠያይቀን ነበር፤ አብዛኞቻችን ቅድመ አያት ላይ ቆምን።

ጉዳዩ የናፍቆት ብቻ አይደለም። ውጭ አገር የሄዱት ወገኖቻችን ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ሲላቸው አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል። ባል፣ ሚስትና ልጅ በሦስት የተለያየ ስም ኤርፖርት ላይ ይቆማሉ። ከዚያ ለልጁ የተሞላው ስም ይረጋል፣ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። የኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም እንዲህ፣ ማንም ሳይመክርበት፣ መስኮት ላይ በችኮላ እየተወለደ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ አንዱ «ይህ ስም ከየት መጣ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «አንድ ቀን አንድ ሰው ቅጽ ሞላ» ሊሆን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አያት ያላችሁ ደውሉ። ምንዥላታችሁ ማን እንደሆኑ ጠይቁና ጻፉት። እኛ ጀምረናል፤ አምስት ደርሰናል።