የቤዛነት ትምህርትና የሙስሊም ሊቃውንት ሙግት

የክርስትናን የመሥዋዕትና የኃጢአት ስርየት ትምህርት እንደ አንድ ወጥ ትምህርት መግለጽ በእኛ ጽሑፎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቂያ፣ በ451 በኬልቄዶን የተሰበሰቡት ጉባኤዎች ስለ ክርስቶስ ማንነት ወሰኑ እንጂ ሞቱ ኃጢአትን እንዴት እንደሚያስተሰርይ ቁርጥ ያለ ማብራሪያ አልደነገጉም።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ሞቱን ሰው ከሰይጣን እጅ የተዋጀበት ዋጋ አደረገው፤ ሰይጣንም በሥጋ የተሰወረውን መለኮት ሳያውቅ ተያዘ አለ። የካንተርበሪው አንሰልም በ1098 በፈጸመው ድርሰቱ ለሰይጣን የሚገባ ዋጋ የለም ብሎ፣ ካሳው ለእግዚአብሔር ክብር የቀረበ መሆኑን አስተማረ።

በ1328 የሞቱት ኢብን ተይሚያ «አል-ጀዋቡ-ስ-ሶሒሕ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ከተቿቸው ሐሳቦች አንዱ ይኸው የሰይጣን መታለል ነው። ሙግታቸው ለፊተኛው ማብራሪያ የሚበቃ ቢሆንም የአንሰልምን መንገድ ለሚከተል ክርስቲያን ምላሽ አይሆንም።

የቁርኣን አቋም ግን ሁለቱንም ይመለከታል፦ ማንም የሌላውን ኃጢአት አይሸከምም (6፥164)፤ ከእርዱም ወደ አላህ የሚደርሰው ሥጋና ደሙ ሳይሆን ተቅዋ ነው (22፥37)። ከዚህ መነሣት እየቻልን ተሟጋቻችን ያላለውን ብናፈርስ፣ የታዘዝነውን ፍትሕ እናጓድላለን።