የፊትና የኋላ ፍሬን ሚዛን

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲያዘቀዝቅ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ መንገድ የተሳፋሪዎችን ሕይወት የሚጠብቀው የፍሬኑ ኃይል ብቻ አይደለም፤ ኃይሉ ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የተከፋፈለበት ሚዛን ጭምር ነው። ይህ ሚዛን እንዴት እንደ ተገኘ ማስታወስ ለሙያችን ይጠቅማል።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ አውቶሞቢል እየነዳ አዲስ አበባ ገብቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ባሳየ ጊዜ፣ በዓለም የነበሩት አውቶሞቢሎች ከጥቂቶች በቀር የፊት ፍሬን አልነበራቸውም። ሠሪዎቹ የፊቱን የተዉት ያለ ምክንያት አልነበረም። የፊት ጎማ ከመሪው ጋር ስለሚዞር የፍሬኑን ዘንግና ገመድ ማድረስ ያስቸግር ነበር፤ ግራና ቀኙ እኩል ካልያዘ መሪውን ይነጥቃል፣ መኪናውንም በአፍጢሙ ይደፋዋል የሚል ሥጋት ነበረባቸው።

የክብደት ሕግ ግን የሚፈርደው ለፊቱ ጎማ ነው። 1,000 ኪሎ የሚመዝን፣ ክብደቱ በፊትና በኋላ እኩል የተከፈለ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 2.5 ሜትር ርቀት ያለው፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መኪና እንውሰድ። ፍጥነቱ በመሬት ስበት ግማሽ ልክ ሲቀንስ 120 ኪሎ ከኋላ ወደ ፊት ይዛወራል፤ ፊቱ 620፣ ኋላው 380 ኪሎ ይሸከማል። እንግዲህ ኋላውን ብቻ መያዝ ክብደት የጎደለውን ጎማ መያዝ ነው። ያ ጎማ ቶሎ ተቆልፎ ይንሸራተታል፤ የመኪናውም ጀርባ ወደ ጎን ይዞራል።

እ.ኤ.አ. በ1910 የኢጣልያው ኢሶታ ፍራስኪኒ፣ በ1919 ደግሞ ሂስፓኖ ስዊዛ በአራቱም ጎማ የሚይዝ ፍሬን አቀረቡ። በ1921 የአሜሪካው ዱዘንበርግ የፈሳሽ ፍሬን ሲያወጣ ዋናው ችግር ተቃለለ፤ ፈሳሽ ግፊቱን ለግራና ለቀኝ እኩል ያደርሳልና። የፊቱና የኋላው ድርሻም በሲሊንደሮቹ ስፋት የሚወሰን ሆነ።

ፊቱም ቢሆን ከልክ በላይ ከያዘ መሪው አይታዘዝም። ቁልቁለት ደግሞ ክብደቱን ይበልጥ ወደ ፊት ይገፋል። ስለዚህ የኋላውን የፍሬን ሸራ አድሶ የፊቱን ሳይመረምር መኪናውን የሚለቅ መካኒክ፣ የቀደሙት መሐንዲሶች በብዙ ድካም ያገኙትን ሚዛን ያፈርሳል። ስሕተቱም የሚገለጠው በጋራዡ ደልዳላ ግቢ ሳይሆን በዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ላይ ነው።